የአገልግሎት ልክና ተራ

ለሌላው ሲል የደከመን ሰው ለማመስገን በአገራችን የተለመደ አንድ አነጋገር አለ፤ «እንደ ሻማ ቀልጦ ብርሃን ሰጠ» ይባላል። ይህ ምስጋና ለአስተማሪም፣ ለእናትም፣ ለካህንም፣ ለወንጌል ሰባኪም ይነገራል። ምስጋናውም የተገባ ነው፤ ስለ ሌላው መድከም ትልቅ ነገር ነውና። ነገር ግን ምሳሌውን ቀረብ ብለን ብንመረምረው አንድ የሚያሳስብ ነገር እናገኝበታለን። ሻማው ቀልጦ ካለቀ በኋላ ቤቱ ይጨልማል። መጽሐፍ ሊያነብ የተቀመጠው ልጅ፣ በሽተኛ ልታስታምም የተነሣችው እናት፣ ደጅ የሚያንኳኳው እንግዳ ሁሉ በጨለማ ይቀራሉ። ሻማው ራሱን ሰጥቷል፤ ብርሃኑ ግን ከእርሱ ጋር አልቋል።

በብሉይ ኪዳን የመገናኛው ድንኳን መብራት በሌላ ሥርዐት ይበራ ነበር። ሕዝቡ ተወቅጦ የተጠለለ የወይራ ዘይት እንዲያመጡ፣ አሮንና ልጆቹም መብራቱን ከማታ እስከ ጧት እንዲያሰናዱት ታዘዙ። ያ መብራት ሳይጠፋ የኖረው ራሱን ስለ በላ አይደለም፤ ዘይት ስለሚጨመርለትና የሚያሰናዳው ሰው ስላለ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እዚህ የምንመረምረው ጥያቄ ይኸው ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው እንደ ሻማ መሆን ይገባዋልን? ወይስ እንደ መቅረዙ መብራት?

ጥያቄው የቀሳውስትና የሰባኪዎች ብቻ አይደለም። ዛሬ በየደብሩና በየጸሎት ቤቱ ብዙውን ሥራ የሚሠሩት ደመወዝ የሌላቸው ወጣቶች ናቸው። እስቲ ከእነዚህ አንዱን በዐሳባችን እንመልከት። ቀን በኮሌጅ ይማራል። ሰኞና ረቡዕ ማታ ከመዘምራን ጋር ይለማመዳል፤ ማክሰኞ የኮሚቴ ስብሰባ አለበት፤ ዐርብ የአዳር ጸሎት ነው፤ ቅዳሜ ሕፃናትን ያስተምራል፤ እሑድ ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ሲደረድርና ሲያነሣ ይውላል። ለቅሶ ቢኖር ድንኳን የሚተክለው እርሱ ነው፤ ሠርግም ቢኖር እንዲሁ። ስለ ምን ሁልጊዜ እርሱን ይጠሩታል ቢባል፣ «እምቢ» ማለትን ስለማያውቅ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ደስታው ከፊቱ ይነበባል። በሁለተኛው ዓመት መዝሙሩን አፉ ይዘምረዋል እንጂ ልቡ አይሰማውም። ቀድሞ ይወዳቸው የነበሩትን ሕፃናት መቈጣት ይጀምራል። የሚያርፉትን ሰዎች ባየ ጊዜ በልቡ ይፈርድባቸዋል። በጉባኤ ፊት ያሳምሮ ይጸልያል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ቃል ያጥረዋል። እናቱ ራቱን ከድና ትጠብቀዋለች፤ ሲመጣም ሳይበላ ይተኛል። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን ይቀራል፤ የቀረውም ከመዘምራኑ ብቻ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኑም ጭምር ነው። ሰዎችም «ቀዘቀዘ»፣ «ፈተና አገኘው» ይላሉ። ያን ሁሉ ሸክም ማን እንደ ጫነበት ግን የሚጠይቅ የለም።

ይህን ዐይነት ድካም የዘመናችን ሊቃውንት መርምረውታል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቡና ዐዋቂ፣ በኒው ዮርክ ከተማ ድኾችን በነጻ በሚያክም ክሊኒክ ሲያገለግል ያየውን ጻፈ። እዚያ ተቃጥለው ያለቁት ሥራ የሚጠሉ ሰዎች አልነበሩም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚተጉትና ራሳቸውን የሰጡት ነበሩ። ከእርሱ በኋላ ክርስቲና ማስላክ የተባለች ሌላ ሊቅ ሦስት ምልክቶችን ለይታ አስረዳች። አንደኛው የኀይል መሟጠጥ ነው፤ ሁለተኛው የሚያገለግሉትን ሰው እንደ ዕቃ መቍጠርና ልብን ከእርሱ ማራቅ ነው፤ ሦስተኛው «የሠራሁት ሁሉ ከንቱ ነው» ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2019 ዓ.ም. ይህን ነገር ከሥራ ጫና የሚመጣ መሆኑን ገልጾ በመዝገቡ አስፍሮታል። እንግዲህ ወጣቱን «ቀዘቀዘ» የሚሉት ሰዎች ተሳስተዋል፤ ያልነደደ ነገር ተቃጥሎ አያልቅምና።

ይሁን እንጂ ነገሩ ከሊቃውንቱ በፊት በቅዱስ መጽሐፍ ታይቷል። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ታላቅ ድል ካደረገ በኋላ ከኤልዛቤል ዛቻ የተነሣ ሸሽቶ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞትን ለመነ። በዚህ ጊዜ እግዚአብሔር ያደረገለትን ልብ ብለን እንመልከት። አልገሠጸውም፤ እንዲተኛ ተወው። መልአኩም ቀስቅሶ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንደ ገና አስተኛው፤ ሁለተኛም መገበው። ወደ ኮሬብ የሚወስደውን የአርባ ቀን መንገድ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በኮሬብም ነቢዩ «ብቻዬን ቀረሁ» የሚል ዐሳቡን በተናገረ ጊዜ፣ ለበኣል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፤ በእግሩ የሚተካውንም ኤልሳዕን እንዲቀባ ታዘዘ። ስለዚህ ለደከመው አገልጋይ የታዘዙት መድኀኒቶች ሦስት ነበሩ፦ እንቅልፍና ምግብ፣ ስለ ራሱ እውነቱን ማወቅ፣ ረዳት ማግኘት። የመጀመሪያው መድኀኒት እንጀራ መሆኑን አትርሳ። ሥጋውን የናቀ ሰው መንፈሳዊ የሆነ ይመስለዋል፤ እግዚአብሔር ግን የነቢዩን ሥጋ አልናቀም።

ከሦስቱ ይልቅ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። «እኔ ከሌለሁ ይህ ሥራ ይፈርሳል» የሚል ዐሳብ ትሕትና መስሎ ይገባል፤ ሲመረመር ግን ትዕቢት ሆኖ ይገኛል። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ለሕዝቡ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ፣ ይህ አሠራር እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነገረው። ደግሞ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው። ዮቶር «አንተ ትደክማለህ» ብቻ እንዳላለ አስተውል፤ ሕዝቡም ይደክማል። አንድ ሰው ሁሉን ሲይዝ ተራ ጠባቂው ይበዛል፤ ሊሠራ የሚችለውም ሥራ አጥቶ ይቀመጣል። አባቶቻችን «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለኀምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ያሉት ይህንኑ ነው።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐትም ይህን ያስተምራል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ለመቀደስ ከአምስት ያላነሱ ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ይኸውም ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ናቸው። አንድ ካህን የቱንም ያህል ቢማር፣ ድምፁም የቱንም ያህል ቢያምር ብቻውን አይቀድስም። ደግሞም አገልግሎቱ በሰሞን የተከፈለ ነው። ሰሞነኛው ሰሞኑን ሲጨርስ ለተረኛው ያስረክባል። ዳዊት ካህናቱን በሃያ አራት ክፍል እንደ መደባቸው፣ የመጥምቁ ዮሐንስ አባት ዘካርያስም በክፍሉ ተራ ሲያገለግል መልአኩን እንዳየ መጽሐፍ ይነግረናል። ሐዋርያትም በማዕድ ምክንያት ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ ሁሉን እኛ እንያዝ አላሉም፤ ሰባት ሰዎች አስመርጠው ሥራውን አካፈሉ። እንግዲህ ተራ የስንፍና ፈጠራ አይደለም፤ የመቅደስ ሥርዐት ነው።

ሥራው የእኛ ሳይሆን የእግዚአብሔር መሆኑን ለማወቅ የወላይታን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ጣሊያኖች አገራችንን በወረሩ ጊዜ፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. የውጭ ሚሲዮናውያን ወላይታን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። ሲወጡ የተዉአቸው የተጠመቁ አማኞች ኀምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። አማኞቹ ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ የጸሎት ቤቶቻቸውም ፈረሱ። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ነው። ይህ ማለት የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ድካም ከንቱ ነበረ ማለት አይደለም፤ የዘራው እጅ ሲነሣም ዘሩ ማደጉን እንደማይተው ያሳያል። ለአንድ ቅዳሜ ማረፍን የሚፈራ አገልጋይ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ምናልባት አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ይቃወመኝ ይሆናል፦ «የምትለው ሁሉ ለሰነፍ መሸሸጊያ አይሆንምን? በሽተኛ በሌሊት ቢጠራኝ ተራዬ አይደለም ልበለውን?» ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መልስም ይገባዋል። በወንጌል እንደምናነበው፣ ሐዋርያት ከተላኩበት ሲመለሱ ሰው ከመብዛቱ የተነሣ እህል ለመብላት እንኳ ጊዜ አጡ። ጌታም ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው። ሕዝቡ ግን ቀድሞ ደረሰ። ጌታ አላባረራቸውም፤ ራራላቸው፤ አስተማራቸው፤ መገባቸውም። ብዙ ሰባኪዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ታሪኩ ግን አላለቀም። ከዚያ በኋላ ወዲያው ደቀ መዛሙርቱን በታንኳ ሰደዳቸው፤ ሕዝቡንም አሰናብቶ ለመጸለይ ብቻውን ወደ ተራራ ወጣ። ዕረፍቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም። ስለዚህ ለድንገተኛው ጭንቅ ተራ አይጠየቅም፤ ጭንቁ ሲያልፍ ግን ወደ ተራው መመለስ ያስፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ የሚቈይ ድንገተኛ ሥራ ድንገተኛ አይደለም፤ የሠራተኛ ማነስ ነው። ሰነፉም ከዚህ ምክር ምንም አያተርፍም፤ ተራ ማለት የራስ ተራ ሲደርስ መገኘት ማለት ነውና።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንምጣ። ብዙ ጊዜ የምንመርጠው በበጎና በክፉ መካከል ሳይሆን በበጎና በበጎ መካከል ነው። ጌታ በዘመኑ የነበሩትን አንዳንድ ሰዎች አጥብቆ የወቀሰበት አንድ ነገር አለ። ለአባትና ለእናት ሊሰጥ የሚገባውን ረድኤት «ቍርባን ነው፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» ብለው ይከለክሉ ነበር። እዚህ ላይ እያንዳንዳችን ቈም ብለን እናስብ። ለታመመች እናት የሚገባውን ማታ፣ ለትዳር ጓደኛ የሚገባውን ቃል፣ ወላጆች በችግር ለከፈሉበት ትምህርት የሚገባውን ጥናት «አገልግሎት አለብኝ» ብሎ መከልከል፣ ያው የቍርባን ነገር አይደለምን? እግዚአብሔር ከሌላ ሰው የተወሰደ ስጦታ አይፈልግም። ልጁ በፈተና ወድቆ፣ እናቱም ብቻዋን ራቷን በልታ፣ የመዘምራኑ ልብስ ብቻ ቢያምር መሠዊያው ምን አተረፈ?

ከዚህ በላይ ስለ ተነገረው ነገር ለሥራ የሚሆኑ ጥቂት ምክሮች እነሆ።

አንደኛ፣ አንድ አገልግሎት ያዝ፤ እርሱንም በሚገባ ሥራ። ሁለተኛውን ከመቀበልህ በፊት ስለ እርሱ የምትተወው ምን እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ። የሚተው ነገር የለም ብለህ ከመለስህ፣ የሚተወው እንቅልፍህ ወይም እናትህ መሆንዋን ዕወቅ።

ሁለተኛ፣ ከሳምንቱ አንድ ቀን አክብር። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ስለ ሰንበት ክብር ተሰደዱ፤ ብዙ መከራም ተቀበሉ። በኋላም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1450 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ከእሑድ ጋር ቅዳሜም እንዲከበር ተፈቀደ። አባቶቻችን ስለ ዕረፍት ቀን ይህን ያህል ከተከራከሩ፣ እኛ እንደ ትርፍ ነገር ልንቈጥረው አይገባም። እሑድ የሥራ ቀን የሆነበት አገልጋይ ሌላ የዕረፍት ቀን ሊመደብለት ግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ያለ ሰሚ ጸልይ፤ ያለ ስብከት ዐሳብ አንብብ። ለሌላው ለመቅዳት ብቻ ወደ ምንጭ የሚወርድ ሰው ራሱ ሳይጠጣ ይመለሳል።

አራተኛ፣ ሥራህን የሚያውቅ አንድ ተተኪ አስተምር። የሚተካህን ያላዘጋጀህ እንደ ሆነ፣ ስትታመም የሚጐዳው ያገለገልኸው ሕዝብ ነው።

አምስተኛው ምክር ለወጣቶች ሳይሆን ለሽማግሌዎችና ለአለቆች ነው። እምቢ የማይለውን ሰው እያያችሁ በእርሱ ላይ ብቻ አትጫኑ። የወንጌል ሰባኪው ደመወዝ ቤቱን የማያኖር እንደ ሆነ፣ የደብሩም ካህን ሌሊት ቆሞ አድሮ ቀን ሲያርስ የሚውል እንደ ሆነ፣ «ዕረፍ» ብሎ መምከር ብቻውን ፌዝ ይሆናል። መብራቱን የሚያሰናዳው አሮን ነበር፤ ዘይቱን እንዲያመጣ የታዘዘው ግን ሕዝቡ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ቤተ ክርስቲያን የምትፈልግህ ለሦስት ዓመት ብቻ አይደለም። በሠላሳ ዓመትህም፣ በኀምሳ ዓመትህም፣ ጠጕርህ በሸበተ ጊዜም ትፈልግሃለች። ስለዚህ ዛሬ የሚቻልህን ሥራ፤ ተራህ ሲደርስ አትጕደል፤ ሲያልፍም ያለ ፍርሃት ለተረኛው አስረክብ። ከዚያም ወደ ቤትህ ሂድና ከእናትህ ጋር ራትህን ብላ።