ውጤት የሚሰጥበት በጎ ሥራ

በውጤት የሚመዘን አገልግሎት በጎነቱን ያጣልን? መልሱን ጋይንት ላይ እናገኘዋለን። በዚያ ባሉት የቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ቤቶች፣ በድጓው ምስክር ቤት በቤተልሔምም ሆነ በዝማሬ መዋሥዕቱ በዙር አባ ትምህርትና አገልግሎት አልተለያዩም፤ ተማሪው የተማረውን ዜማ ማኅሌት ቆሞ ያገለግልበታል፣ የቀደመውም ለጀማሪው ያስቀጽላል። መምህሩ የሚመዝነው ዜማውን እንጂ የልጁን ጸሎት አይደለም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የበጎ ፈቃድ ቀን ግን ብቻውን የቆመ ነው፤ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ጽድቀቱ ክፍል ውስጥ የሚጠይቅ መምህር የለም።

ግዴታ ፈቃድን ይገድላል የሚሉ አሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሲልክ አገልግሎቱን ለዲግሪ ቅድመ ሁኔታ አድርጎት ነበር፤ ብዙዎቹም አስተማሪ ሆነው አገሬውን ያወቁት በዚያ ነው። አገልግሎት የኮርስ አካል ሲሆንም ውጤቱ ለደግነት ሳይሆን ለተገኘው ዕውቀት ይሰጥ። የስማዳ ገበሬ የተማሪዎች መለማመጃ እንዳይሆን መስጋት ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ከእሱ ይምጣ፣ ተማሪዎቹ ያጠኑትም ለእሱ ይመለስ። ለአንድ ቀን መጥቶ የሚቀር እንግዳ ይህን ሊያደርግ አይችልም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆይ፣ የእስቴንና የጉናን ተዳፋት በኮርሳችሁ ውስጥ አስገቡት።