«ያቺው ወባ ናት»

ምእመናን ሆይ፣ ከወረታ እስከ ይፋግ፣ ከይፋግ እስከ አዲስ ዘመን ባለው ሜዳ ወባን የማያውቅ ሰው የለም። ክረምቱ ወጥቶ ርብና ጉማራ ሲጎድሉ ትመጣለች፤ ታንቀጠቅጣለች፣ ላብ ታጠምቃለች፤ ኪኒን ይዋጣል፣ ሰውየው ይነሣል። ስለዚህ ትኩሳት ሲነሣብን ሌላ አንጠይቅም፤ «ያቺው ወባ ናት» ብለን ጋቢ ተከናንበን እንተኛለን።

በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳችን የሆነውን ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። ሰው ትኩሳት ያዘው፤ የወባ መድኃኒት ወሰደ፤ አልዳነም። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ሆዱ ግን እየተነፋ ሄደ። በግራ ጎኑ፣ ከጎድኑ በታች እጅ ቢያሳርፉበት ጣፊያው ጠጥሮ ይዳሰስ ነበር። ወባዋ መድኃኒቱን ለመደችው ተባለ፤ ባለሙያዎችም እንዲያ ጠርጥረው ነበር። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ። አዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ሕክምናው ተጀመረ፤ በሁለት ዓመት ገደማ ከ2,000 በላይ ሰው ታመመ፣ ከ100 በላይ ወገናችንን ቀበርን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። እነዚያ ሰዎች ግን አልደበቁም፤ አውቀነዋል ብለው ነው የዘገዩት። በእነርሱ አልፈርድም። ዛሬ ግን ተነግሮናል።

ንዕማንን አስቡት፤ የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ፣ ለምጻም። ፈውስ እንዳለ መጀመሪያ የተናገረችው ተማርካ የመጣች ብላቴና ነበረች፣ የሚስቱ አገልጋይ። ነቢዩ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ብሎ ቢልክበት ተቆጣ፤ ነገሩ አነሰበት። ለምነው ወደ ወንዙ የመለሱት አሽከሮቹ ናቸው።

እኛስ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጃፋችን ስትቆም «ይቺ የእገሌ ልጅ አይደለችም? ትናንት ጡት ስትጠባ ያየናት!» እንላለን። አጎበሩን ስቀሉት፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ ትላለች። ቡና እናጠጣታለን፣ እንመርቃታለን፤ አጎበሩ ግን እንደታጠፈ ቆጥ ላይ ይከርማል።

ሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ የሚወርዱት ልጆቻችን በዚያ ቆላ ካላዛር እንዳለ ሳይሰሙ ቀርተው አይደለም። የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ የበሬ መግዣ ያስፈልጋል። አትሂዱ ብዬ አልገዝትም፤ ማን ይከፍልላቸዋል? ደግሞም በሽታው እዚሁ ደርሶብናል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፤ በተሰነጠቀ ዋልካ መሬት ውስጥ ውላ ሌሊት ትወጣለች። ከብት እየጠበቀ ከግራር ሥር የሚያድር ሰው «ትንኝ አልሰማሁም» ብሎ አይተማመን።

ስለ ጸበሉም ልናገር። ተጠመቁ፣ ጠጡ። የካላዛር መርፌ ግን በየቀኑ ለሳምንታት የሚወጋ ነው፤ ተሽሎኛል ብሎ በመካከል አቋርጦ የሚመጣ ሰው ቢኖር ካህኑ ራሱ ወደ ሐኪሙ ይመልሰው። እግዚአብሔር ሁለቱንም ሰጥቶናል፤ እኛ አናጣላቸው።

እንግዲህ ዘንድሮ ከቆላ የተመለሰ ልጅ ያላችሁ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ካለው ሁመራ ወይም መተማ እንደነበረ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ምርመራው ከጣት ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ ደም ይጀመራል። አቅም ካነሰው ጎረቤት አብሮት አዲስ ዘመን ድረስ ይሂድ፤ ከብቱን እኛ እንጠብቅለታለን።