አጋፋሪውና በረኛው

አንድ ባለጸጋ ቤት አዲስ አጋፋሪ ገባ። በረኛው ግን የድሮ ነው፤ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ነገሩ ቁጥብ። በመጀመሪያው ቀን «የቀድሞው አጋፋሪ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። «አይደለሁም» ቢለው ግማሹን ቤት ዘጋበት። በማግስቱ ያንኑ ሲጠይቀው «አዎ፣ ነኝ» አለና ሁሉም ተከፈተለት።

ጌታው ከመኝታ ቤት ገመድ ሲስቡ ቃጭል ይጮኻል። አጋፋሪው ወደ በር ይሮጣል፤ በረኛውም ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ያቀብለዋል። ቁጥሩ ውሃ ማለት ይሁን መብራት የሚያስረዳ የለም፤ ቤቱን የሠራው ግንበኛ ምስጢሩን ለቀድሞው አጋፋሪ ብቻ ነግሮ ሄዷል። አዲሱ ምን ያድርግ? ጠጠር በመጣ ቁጥር የጌታውን ፍላጎት እያየ መዝገብ ላይ ማስፈር ያዘ።

አንድ ማታ የመብራቱን ጠጠር ለየና ደስ ብሎት የፋኖሱን ክር ከፍ አደረገ። «ኧረ አሳወርከኝ!» አሉ ጌታው። ለካስ በረኛው ጠጠሩን ሳይሰጠው በፊት ራሱ ሄዶ ክሩን ከፍ አድርጎት ኖሯል። ጠጠሩ ወሬ እንጂ ትእዛዝ አልነበረም። አጋፋሪው ከዚያ ወዲያ ከአንዳንዱ ቁጥር አጠገብ «ዝም በል» ብሎ ጻፈ።

ኋላ ጎረቤት ቤት ሲቀጠር መዝገቡ አንድ ገጽ እንኳ አልጠቀመውም።

አጋፋሪው የሊኑክስ ከርነል ነው፤ በረኛው በላፕቶፑ ማዘርቦርድ ላይ ያለው ፈርምዌር። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለ ደንብ ቃጭሉን አንድ አድርጎታል፤ የብዙዎቹን ልዩ ቁልፎች ጠጠር ግን እያንዳንዱ አምራች በራሱ ይቀርጻል። ቲንክፓድ በተባለው ላፕቶፕ ላይ የብርሃን መጨመሪያው ቁልፍ ሲጫን ለከርነሉ የሚደርሰው በሄክሳዴሲማል 1010 ነው። ቲንክፓድ-ኤሲፒአይ የተባለው ድራይቨር ይህን ፕሮግራሞች ሁሉ ወደሚያውቁት 225 ይመነዝረዋል። በቀደሙት ሞዴሎች ላይ ግን ፈርምዌሩ ብርሃኑን ራሱ ስለሚጨምር፣ ድራይቨሩ አውቆ ዝም ይል ነበር፤ አለዚያ ቁልፉ አንዴ ሲጫን ብርሃኑ ሁለት ደረጃ ይዘል ነበር። እኔ ከኮዱ ሁሉ ይበልጥ የማደንቀው ይህን ዝምታ ነው።

ውሸቱስ? ፈርምዌሩ «ዊንዶውስ ነህ?» ሲል ሊኑክስ «አዎ» ይላል። «ሊኑክስ ነህ?» ሲባል ደግሞ፣ ተጠቃሚው ካልቀየረው በቀር፣ «አይደለሁም» ነው መልሱ። አልፈርድበትም፤ አብዛኛው አምራች ፈትሾ የሚሸጠው የዊንዶውሱን መንገድ ብቻ ነው።