መካሪና ሻጭ አንድ ሲሆኑ

መካሪ በምክሩ የሚያተርፍ ቢሆን ምክሩን እንዴት እንቀበለው? ይህን ጥያቄ ያቀረቡልን በለንደን የሚኖሩ አንድ የእድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። የያዙት ገንዘብ የራሳቸው አይደለም፤ የብዙዎች፣ ይልቁንም የመበለቶችና የሽማግሎች አደራ ነው። በአንድ የመዋዕለ ንዋይ መድረክ በኩል አክሲዮን ላይ ሊያውሉት ቢያስቡ፣ መድረኩ «የተመረጡ ፈንዶች» የሚል ዝርዝር አቀረበላቸው።

በእንግሊዝ አገር መድረኮች ቀድሞ ከፈንድ አስተዳዳሪዎች ኮሚሽን ይቀበሉ ነበር። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ይህን ለአዲስ ውል ከለከለ። ነገር ግን ኮሚሽን ቢቀር አድልዎ ፈጽሞ ይቀራል ማለት አይደለም። የኒል ውድፎርድ ታላቅ ፈንድ በጁን 2019 ለባለ ገንዘቦቹ መክፈል ባቆመ ጊዜ፣ አንድ ትልቅ መድረክ እስከዚያው ቀን ድረስ በተመረጡት ዝርዝር ውስጥ አኑሮት ነበር። እንግዲህ መካሪው ሁሉ ሐሰተኛ ነው እንላለንን? አንልም። ሰው ሳያውቀውም ወደ ጥቅሙ ያዘነብላልና። በሚዛን ላይ ያረፈ ጣት፣ ባለማወቅ ቢያርፍም ሚዛኑን ያዛባል።

ሁለተኛው መንገድ ማንንም ሳይመርጡ የገበያውን ጠቋሚ የሚከተል ፈንድ መግዛት ነው። እንዲህ ያለውን ፈንድ ጆን ቦግል በ1976 በአሜሪካ ለተራው ሕዝብ አቀረቡት። ይህስ ስለ ምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ዊልያም ሻርፕ በ1991 እንዳስረዱት፣ ባለ አክሲዮኖች ሁሉ ተደምረው ገበያው ራሱ ናቸው፤ ስለዚህ መራጮቹ በጠቅላላው ገበያውን ሊበልጡ አይችሉም፤ የሚከፍሉት ግን ይበልጣል። ክፍያውም ትንሽ መስሎ ብዙ ይበላል። 10,000 ፓውንድ በዓመት 5 በመቶ ቢያፈራ፣ ክፍያው 0.2 በመቶ ሲሆን በ30 ዓመት ወደ 40,800 ይደርሳል፤ 1.5 በመቶ ሲሆን ግን ወደ 28,000 ብቻ ነው።

ሆኖም ርካሽ የሆነው ሁሉ ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ጠቋሚውን የሚከተል ፈንድ አይመርጥምና፣ ትምባሆ የሚሸጠውንም የጦር መሣሪያ የሚሠራውንም ይዞ ይገኛል። «እኔ አልመረጥሁም» የሚል ሰው ከትርፉ እየተካፈለ ከኃላፊነቱ ሊያመልጥ አይችልም። ደግሞም ገበያው ሲወድቅ ፈንዱ አብሮ ይወድቃል።

ስለዚህ አደራ ያዥ ሦስት ነገር ይጠይቅ። መካሪውን የሚከፍለው ማን ነው? የመድረኩና የፈንዱ ክፍያ ተደምሮ ስንት ነው? ገንዘቡስ የሚፈለገው መቼ ነው? ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። የእድር ገንዘብ ነገ ለቀብር ይፈለጋልና፤ ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። እኒያም ሰው ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያስ ጥያቄዬ ከፈንዱ ሳይሆን ከራሴ ኖሯል» አሉና ገንዘቡን በባንክ ተዉት።

በአገራችንም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. ስለ ተከፈተ፣ ይህ ጥያቄ ወደ ደጃችን ደርሷል። ባለ አደራ ሁሉ ከዝርዝሩ አስቀድሞ አደራውን ይመልከት።