መጎብኘትና መጠየቅ

ባለፈው ሳምንት እራት በልተን ወደ መኝታ ክፍላችን ስንመለስ አንድ ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ፣ «ገንዘብ ቢኖረኝ ሥራዬ ዓለምን መዞር ብቻ ነበር» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ዞረህ ምን ልታደርግ?» አለው። «ላይ ነዋ! ማየት ምን ክፋት አለው? ያየሁት ነገር እኔ በማየቴ አይጎድል!» ሁላችንም ሣቅን፤ ተኛን። እኔን ግን ይህች «በማየቴ አይጎድል» የምትል አነጋገር ስትከነክነኝ አደረች። እውነት ማየት ዕዳ የለውም? የሰው አገር ሄዶ፣ አይቶ፣ ተደስቶ የሚመለስ ሰው ላየው ነገር የሚመልሰው አንዳች ነገር አለበት ወይስ የለበትም? እኔ ፈላስፋ አይደለሁምና የምነሣው ከማውቃቸው ሰዎች ነው።

አክስቴና ባሏ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። በቆሎ ይዘራሉ፣ በርበሬ ይተክላሉ፣ ጥቂት የንብ ቀፎ አላቸው። ጋሼ (የአክስቴን ባል የምጠራቸው እንዲህ ነው) ሠላሳ ዓመት ሙሉ በርበሬያቸውን ቡሬ ድረስ እየወሰዱ ሲሸጡ ኖረዋል። ከዚያ አልፈው የሄዱበት አገር ብዙ አይደለም። ሴት ልጃቸው ለንደን ትኖራለች። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ እንድታርሳት፣ አባቷም በዚያው ዐረፍ እንዲሉ ጠራቻቸው። ቪዛቸው የስድስት ወር ነበር። ልጅቷ ሥራ በማይኖራት ቀን ሕፃኑን በጋሪ እየገፋች አገሩን አሳየቻቸው።

ከተመለሱ በኋላ ያዩትን ሁሉ ቡና እየተጠጣ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ከሁሉ በፊት ያሣቀኝ የመንገድ መሻገሩ ነገር ነው። በእኛ አገር ባልና ሚስት ገበያ ሲሄዱ እሱ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከፊት፣ እሷ ሸክሟን አዝላ ከኋላ ነው። ለንደን ላይ ግን መኪናው በማያውቁት በኩል እየመጣ ስላስቸገራቸው ጋሼ የአክስቴን እጅ ጥብቅ አድርገው እየያዙ ይሻገሩ ነበር። አክስቴም፣ «አርባ ዓመት አብረን ስንኖር እጄን የያዙኝ መኪና ፈርተው ነው!» ትላለች። ጋሼ ዝም ብለው ፈገግ ይላሉ።

ይህን የምጽፈው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ገበሬ ባልና ሚስት ዕድሜ ልካቸውን አብረው የሚያዩት ነገር ሁሉ ሥራ የሚጠብቅባቸው ነው። ማሳው ዐረም አለበት፤ ሰማዩ ዝናብ ይዟል ወይም አልያዘም፤ ከብቷ ልትወልድ ነው። ምንም የማይጠይቃቸውን ነገር ጎን ለጎን ቆመው ማየት ለእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያቸው ነበር። ስለዚህ ማየትን ዝም ብሎ የሚኮንን ሰው አልሆንም። ደስታው እውነተኛ ነው፤ ለሠራ ሰው ደግሞ ይገባዋል።

ነገር ግን ጋሼ እንዴት እንደሚያዩ ልብ በሉ። ቴምስ ወንዝ ዳር ሲወስዷቸው መጀመሪያ የጠየቁት፣ «ይህ ወንዝ ይሞላል? ሰው ይወስዳል?» ብለው ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት በድልድዩ ላይ ስትመላለስ ይህን አስባው አታውቅም። ሄዳ አጣርታ ነገረቻቸው። ቴምስ ለንደን ላይ የባሕር ሞገድ ስለሚደርስበት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከተማይቱን እንዳያጥለቀልቅ ብረት መዝጊያ ያለው ትልቅ ግድብ ተሠርቶለት ከ1970ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ ይጠብቃታል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ «በሉ እንግዲህ እነሱም እንደኛው ወንዝ ይፈራሉ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዙን ሲያዩት ሞልቶ ይሁን ጎድሎ ሳያጣሩ አያልፉም ነበር።

እዚህ ላይ ቋንቋችን የሚለን ነገር አለ። ዛሬ ቱሪስት ለማለት «ጎብኚ» እንላለን። ጋሼ ግን ለንደንን ሳያዩ በፊትም ጎብኚ ነበሩ። ማሳቸውን ይጎበኛሉ፤ ቀፎ ይጎበኛሉ፤ የተዳረች ልጅ ይጎበኛሉ። መጎብኘት ማለት የጎደለ ነገር እንዳለ ለማወቅ መሄድ ነው። ሌላም ቃል አለን፦ መጠየቅ። በሽተኛ ይጠየቃል፤ እስረኛ ይጠየቃል፤ ሐዘንተኛ ይጠየቃል። ባለ ጤናውና ነጻው ሰው ወደ ታመመውና ወደ ታሰረው ይሄድና «እንዴት ነህ?» ይላል። በእኛ ቋንቋ ጥያቄና ጉብኝት በአንድ ቃል ይጠራሉ ማለት ነው። እኛ ግን «ጎብኚ»ን ከዚህ ሁሉ ለይተን ካሜራ ላንጠለጠለ ሰው ሰጠነው። ታዲያ ቃሉን ስንሰጥ ግዴታውንም አብረን ሰጥተነው ይሆን?

ለዚህ ጥያቄ የአክስቴን ያህል መልስ የሰጠኝ የለም። አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ብሪቲሽ ሙዚየም ወሰደቻቸው። መግቢያው በነጻ ነው። በር ላይ ሲደርሱ ልጅቷ፣ «እማዬ፣ እዚህ ውስጥ የመቅደላ ታቦታት አሉ» አለቻት። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲይዝ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ፤ ከዚያ ምሽጉና ቤተ ክርስቲያኑ ተዘረፈ። መጻሕፍቱን፣ አክሊሉን፣ ጽዋውንና ታቦታቱን ለመጫን 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈለጉ ይባላል። ሙዚየሙ ዛሬ 11 ታቦታት ይዟል። ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ በዝግ ክፍል ተቀምጠዋል። እንዲመለሱ በተደጋጋሚ ቢጠየቅም ሙዚየሙ የያዘውን እንዳይሰጥ የሚያግድ በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ ይባላል።

አክስቴ አልገባችም። ደረጃው ግርጌ ቆመች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ሦስት ጊዜ ሰገደች። ለመግባት ከተሰለፈው ሰው ጥቂቱ ፎቶ አነሣት። ጋሼ ውስጥ ገብተው ብዙ ነገር አይተው ሲወጡ እሷ እዚያው ነበረች። በኋላ እኔ፣ «አክስቴ፣ የማይታይ ነገር ዘንድ ሄደሽ ምን አደረግሽ?» ብላት፣ «ታስረው የለም እንዴ? ጠየቅኋቸው» አለችኝ።

ከዚህ በፊትም ጫማ ያወለቀችበትን ቦታ ነግራኛለች። ይህችው የለንደኗ ልጅ ሕፃን ሳለች ታማ፣ አክስቴ አዝላት በእግሯ ሰከላ ድረስ ሄዳ ግሽ ዓባይ ጠበል አስጠምቃታለች። ከዚያው ምንጭ ላይ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ጫማውን አውልቆ ቁልቁል ሮጧል፤ ያወለቀው የአገሩ ሰው ስላስገደደው ነው። ውኃውን በጽዋ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። ቀጥሎ ግን ድንገት ልቡ ከበደው፤ ይህን ራሱ ጽፎታል። ከዚህች ትንሽ ረግረግ ለመድረስ ያን ያህል መድከሙ ከንቱ መሰለው። ከአውሮፓ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ለማለትም፣ ከ152 ዓመት በፊት ፔድሮ ፓኤዝ እዚያው መድረሱን ሊቀበል አልወደደም።

ብሩስን ለመውቀስ ብቻ አላነሣሁትም። ይዞት የተመለሰው የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂ በ1821 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም ዕውቀት ጠቅሟል። ማየት ዕውቀት ይወልዳል የሚል ወዳጄ እዚህ ላይ ትክክል ነው። ግን ሁለቱን ሰዎች አነጻጽሩ። ከአንድ ምንጭ ዳር አንዱ «ደረስሁ» ብሎ ቆመ፤ የሚቀጥል ነገር ስላልነበረው አዘነ። ሌላዋ «ልጄን ማሪልኝ» ብላ ቆመች፤ የምንጩ ትንሽነት ትዝም አላላት። ያየ ሰው ትልቅ ነገር ካላገኘ ይከፋል። የሚጠይቅ ሰው ግን የታመመው ሰው ቤት ጠበበ ብሎ አይከፋም።

«በማየቴ አይጎድል» ለሚለው ወዳጄም አንድ ነገር ላስታውሰው። ናፒየርን ተከትሎ መቅደላ የሄደ ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር። ሊያይ፣ ሊመርጥ፣ ሊገዛ ነው የሄደው። ዕቃውን ከማናችንም አብልጦ ያውቅ ነበር፤ ዐይኑ የሠለጠነ ነበር። ዐይኑ ያላየው ባለቤቱን ነው። እንግዲህ ማየት ብቻውን ንጹሕ ነው አልልም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው የሚለየው።

«ታዲያ ሰው ያየውን ሁሉ እየጠየቀ፣ ለሁሉም እያዘነ ይኖራል?» እባል ይሆናል። አይኖርም። በመንደራችንም ሰው ሁሉን በሽተኛ አይጠይቅም። ግን መንገድ ላይ ያገኘውን «እንደምን ዋላችሁ» ሳይል አያልፍም። እኔ የምለው ይህን ታህል ነው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ ጋሼና አክስቴ ለንደን ነበሩ። ስሟ «የሰላም መንገድ» የሆነው ፍኖተ ሰላም የዓለም ዜና ላይ ወጣች፤ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ስለ ነበር ከቤት ወሬ ማግኘት ጭንቅ ሆነ። ያን ሰሞን ከተማይቱን መዞር ተዉ። ከታች ፎቅ የምትኖር አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ዜናውን ሰምታ በራቸውን አንኳኳች። ልጅቷ እያስተረጐመች፣ «ዘመዶቻችሁ ደኅና ናቸው?» ስትል ጠየቀች፤ ሻይ ጠጥታ ሄደች። ጋሼ ዛሬ ለንደን ምን አዩ ሲባሉ ሰዓቱን፣ ድልድዩን፣ ቤተ መንግሥቱን ይቆጥሩና መጨረሻ ላይ፣ «አንዲት ሴትዮ ደግሞ አለች፣ ጠይቃናለች» ይላሉ።

አሁን የራሴን ልናገር። ባለፈው ዓመት ለትምህርት ጉዞ ጎንደር ሄደን አንዲት ሸክላ የምትሠራ ባልቴት ፎቶ አንሥቼ ነበር። ፎቶው ያምራል፤ ጓደኞቼ አድንቀውልኛል። ለአክስቴም አሳየኋት። ትኵር ብላ አየችና፣ «ይህች ማን ናት? እጇ አብጧል፤ ያማታል እንዴ?» አለችኝ። ስሟን አልጠየቅሁም ነበር። እጇንም አላየሁትም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፊቷ ቆሜ ብርሃኑን ሳስተካክል ነበር የቆየሁት።

ስለዚህ ለወዳጄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ምናልባት ያየኸው ነገር በማየትህ አይጎድል ይሆናል። ሴትዮዋ ግን አንድ ጠያቂ ሲቀርባት፣ እኔን አንድ ጥያቄ ጎድሎኛል። በሚመጣው ዕረፍት ጎንደር ተመልሼ ላገኛት እሞክራለሁ፤ ፎቶዋንም እወስድላታለሁ። ያገኘኋት እንደ ሆነ ምን እንደምላት ዐውቃለሁ።

የተለየ አስተያየት ያላችሁ በሚቀጥለው ዕትም ብትጽፉ ደስ ይለኛል። መኝታ ክፍል ያለው ወዳጄ ከወዲሁ ብዕሩን አንሥቷል።