የዐሥራት ደረሰኝና የታሪክ መምህር

የታሪክ መምህር ያለፈውን ነገር ለተማሪው የሚያቀርብለት ተፈርዶበት ካለቀ በኋላ ነውን? ወይስ ገና ሳይፈረድበት፣ ከነምስክሩ ነው? ብዙዎቻችን «ከነምስክሩ ነው እንጂ» ብለን ለመመለስ አንዘገይም። ነገር ግን ምስክሩ ከደጃችን የመጣ እንደ ሆነ መልሱ ይከብዳል።

የሩቁን ምስክር መጥራት አያስቸግርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ሲናገር፣ በኢጣልያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ አድርጎታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማሳየት ስለ ዐድዋ ከሚደረግ ረዥም ንግግር ይበልጣል። ክፍሉም በአንድነት ይቆጣል፤ ተበዳዩ ሁሉም ነውና።

ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ ስንመለስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ዛሬ ፋብሪካና ቤት ቢሞላባቸውም፣ ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ በፊት ዙሪያቸው የባለርስትና የጢሰኛ የእርሻ አገር ነበረ። መምህሩ «ከቤታችሁ አሮጌ ወረቀት አምጡ» ብሎ አዘዘ እንበል። አንዱ ልጅ ከአያቱ ሣጥን የዐሥራት ደረሰኝ ይዞ ይመጣል። ማኅተሙ አለ፤ ገንዘቡ ተቆጥሯል፤ የከፋዩም ስም ተጽፏል። የተጻፈው ስም ግን የባለርስቱ ነው። በ1937 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ተጠያቂው ባለመሬቱ ነበርና። ዐሥራት በ1960 ዓ.ም. እስኪቀር ድረስ ግን፣ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ካካፈለ በኋላ ይህንንም ጨምሮ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ጢሰኛው ነበረ። እንግዲህ ደረሰኙ አንዲት የሐሰት ቃል ሳይኖርበት እውነቱን ይሸፍናል።

ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ምናልባት የዚያ ጢሰኛ የልጅ ልጅ ይሆናል። እርሱ የሚያመጣው ወረቀት የለውም።

ለሰላም ሲል ደረሰኙን ወደ ሣጥኑ የሚመልስ መምህር አለ። አልንቀውም፤ በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ልጆችን ማቃቃር ቀላል ኀጢአት አይደለም። ሆኖም ዝምታውም ፍርድ ነው፤ ያልተጻፈውን ሰው ሁለተኛ ጊዜ ይደመስሰዋል። እኔ የምመርጠው ወረቀቱን ማን፣ ለማን፣ ለምን እንደ ጻፈው፣ ደግሞም ማን እንደ ጐደለበት ማስጠየቁን ነው። ሁለተኛው ልጅም ወደ አያቱ ይላክ፤ ቃላቸውን በሚናገሩበት በኦሮምኛ ይጻፍ፤ ከደረሰኙም አጠገብ ይቀመጥ። በዚህ ጊዜ መምህሩ ለአንዱ አዝኖ ለሌላው እንዳይጨክን ይጠንቀቅ። የሽማግሌ ትዝታም እንደ ወረቀት ሁሉ የሚያጐላውና የሚያስቀረው አለውና በዚያው ጥያቄ ይፈተን። ደረሰኙን ላመጣው ልጅ ደግሞ፣ አያቱ ያስከፈሉት የእርሱ ዕዳ አለመሆኑ ትምህርቱ ሳይጀመር ሊነገረው ይገባል። ምናልባትም ባለርስቱ ራሳቸው ከአንድ ጋሻ ያነሰች መሬት የነበረቻቸው ድኻ ነበሩ፤ ይህም ይጠየቅ።

ለዚህ ሁሉ አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃም፤ ለፈተናም አይመጣም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ዐዋጁ በታወጀበት ዓመት ሃያ ዓመት የሞላው ጢሰኛ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል።