ልክን ማወቅና ጓዳን መመልከት

ከአዳማ በስተምሥራቅ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ወለንጪቲ ድርቅ የሚደጋግመው የቦሰት ወረዳ ከተማ ናት፤ በእንዲህ ያለ አገር ሰው የውኃን ልክ ያውቃል። የቦኖ ጠባቂ ጀሪካኑን ቢቆጥር የሚቀየመው የለም፤ በውኃው ምን እንደተቀቀለ ቢጠይቅ ግን ሁላችንም እንቆጣለን።

ዛሬ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች አንድ የኢንተርኔት መስመር በጋራ ሲጠቀሙና ሒሳቡን እኩል ሲካፈሉ እናያለን። መስመሩ ልክ አለው፤ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ሲያወርድ የጎረቤቱ ልጅ ትምህርቷን መክፈት ይሳናታል። ስለዚህ የየስልኩን ፍጆታ በጊጋባይት መቁጠር ስለላ ሳይሆን ፍትሕ ነው እንላለን፤ ሳይለካ የሚካፈሉት ነገር ለጉልበተኛ ያደላልና።

ይሁንና አንዳንዱ ራውተር መጠኑን ብቻ ሳይሆን የተጎበኙትን ድረ ገጾች ስም ጭምር መመዝገብ ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ሰው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል። ሕጉ ባይኖርስ? የመስመሩ ባለቤት መሆን የሰው ምስጢር ባለቤት አያደርግም።

እንግዲህ ቆጣሪው መቁጠሩን አስቀድሞ ይናገር፤ የቆጠረውን መጠን ለሁሉም ያሳይ፤ የራሱንም ፍጆታ አይሸሽግ። ይህን የምንለው ለራሳችንም ነው፤ በእጃችን የገባ ቁልፍ ሁሉ እንድንከፍትበት አልተሰጠንምና።